ግማሽ ሚሊ ሜትር

ኤድመንተን በጥር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ውጭ መኪናዬ በኤሌክትሪክ ገመድ እንደ ፈረስ ታስራ ቆማለች፣
ሞተሯ እንዳይጠጥር ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ትጠባለች።
ምድር ቤት ግን እኔና የእህቴ ልጅ ኢዮስያስ
ጭንቃችን ሌላ ነው፦ በምን ዘዴ ይብረድ፣ በምን ይቀዝቅዝ
ይህ ሣጥን ውስጥ የሚነድ፣
የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ?

ሣጥኑን ልጁ ነው የገጣጠመው፣ በበጋ የጎረቤት ሣር አጭዶ ባገኘው፤
ካርዱን ግን ከአንድ ጢማም ሰው፣ ከገበያ አዳራሽ ደጅ፣
መኪና ማቆሚያ ላይ ገዛነው።
"ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሠራው" ብሎ ማለ፤ አመንነው።
አሁን ጨዋታ ከፍቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው
ዘጠና አራት ዲግሪ! ሥዕሉ ይንተባተባል፣ ማራገቢያው
እንደታነቀ ኮርማ ያጓራል።

ልጁ ስልኩን ዘረጋልኝ፦ ውኃ የሚዞርበት ቱቦ፣
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ሠርግ ቤት በመብራት ተከብቦ፣
ዋጋው የአሥር ቀን ደመወዜ። "አጎቴ፣ ይኼ ነው መድኃኒቱ።"
"ቆይ" አልኩት፤ "ሕመሙን ሳያዩ ነው እንዴ መድኃኒት መግዛቱ?"

አሥራ አራት ዓመት በአውቶቡስ ጋራዥ
ራዲያተር ስፈታ፣ ስጠርግ፣ ስገጥም ኖሬያለሁ።
"ሙቀት እንግዳ ነው" አልኩት፤ "እኔ አውቀዋለሁ፤
በሩን ካሳዩት አመስግኖ ይሄዳል፤
ካላሳዩት ቤቱን ይወርሳል።"

በደረቅ ክረምት ጣት ብልጭታ ይተፋል፤
ቀድመን የቧንቧውን ብረት ነካን፤ ብልጭታ ካርድ ይገድላል።
ካቻቪቴ አነሳን። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን፣ በየጉድጓዱ ለየን።
ከፍተን ያየነውን አየን፦
ቅባቱ ደርቆ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣
በብረቱ ክንፎች መሐል ነጭ የድመት ፀጉር ተወትፏል።
(ጢማሙ ሰው ድመት አለው። ይህን አልነገረንም።)
በአልኮልና በጥጥ ጠረግነው፤ መዳቡ እንደ መስታወት ሲጠራ
ኢዮስያስ ፊቱን አየበት፤ አዲስ ሪዙን ዳሰሰ፣ ግራ ቀኙን በተራ።
እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከዚያ ምርጫው መጣ፦ በሜሞሪዎቹ ላይ የሚነጠፈው ለስላሳ ልጣፍ
ባለ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ይሁን ወይስ ባለ ሁለት? የቱ ነው የሚያሳርፍ?
"ወፍራሙ ይሻላል" አልኩ እኔ፣ ባለሙያው፣ ሳልለካ።
ፖስታው መጣ፤ ገጠምነው። ከድጡ ወደ ማጡ፤ ቁጥሩ መቶ አንድን ነካ።
ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም። አጠፋው።
ወፍራሙ ልጣፍ መዳቡን ሽቅብ ገፍቶት ነበር ለካ፣
ከዋናው ቺፕ ጋር ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፤
በመሐላቸው አየር፣ የጥፍር ውፍረት፣
ግማሽ ሚሊ ሜትር።

እናቱ ወደ ሰሜን፣ ነዳጅ ካምፕ ልታበስል ስትሄድ
አደራ ካለችኝ ወዲህ፣
ስንት ጊዜ ይሆን የሚበጀው መስሎኝ በእኔና በእርሱ መሐል
ወፍራም ወፍራሙን ምክር ያነጠፍኩት?
አልጠየቅሁትም። "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብቻ አልኩት።

ሌላ ፖስታ፣ ሌላ ሳምንት። ከሥራ ሣጥኔ
የክፍተት መለኪያውን ምላጭ አመጣሁ፤ ለካን። አንድ ተኩል።
ቅባቱን እንደ ሽምብራ ፍሬ፣ ከመሐል፤
ብሎኑን እንደ ጎማ ብሎን በመስቀልያ፣
ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ።
"በቃ፣ አታጥብቀው" ብሎ እጄን ያዘኝ።
ሰማሁት።

ሰባ አንድ። ጠበቅን። ሰባ አንድ። ሰባ።
ማራገቢያው ማጓራቱን ትቶ ሹክሹክታ ውስጥ ገባ።
ኢዮስያስ ካልሲውን አውልቆ እግሩን ከሣጥኑ ጀርባ ዘረጋ፤
"አጎቴ፣ እንግዳህ በዚህ እየወጣ ነው" አለ፤
እኔም እግሬን አስጠጋሁ እሱ ጋ።

ሌሊት አሥር ተኩል ላይ ሥራ አለብኝ፤ መኪናዋን ከገመዷ ልፈታ ስነሳ
በእንቁላሉ ካርቶን ውስጥ አንድ ብሎን አየሁ፣ የተረሳ።
ልጁም አይቶታል።
ቀስ ብሎ ካርቶኑን ከደነው።